ቧንቧ ሠራተኛው ቅዳሜ እስኪመጣ ምን ላድርግ?

የጠያቂያችን ጥያቄ፦ «የምንኖረው ጀሞ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ከእሑድ ጀምሮ ወጥ ቤት ሲንክ ሥር፣ ቧንቧው ከግድግዳ የሚወጣበት ቦታ ላይ ውሃ ያንጠባጥባል። በፌስታል አጥብቄ አሰርኩት፤ ሥሩ ባልዲ አደረግኩ። የቆጣሪውን መዝጊያ ብዘጋውም አልቆመም፤ የተበላሸ ይመስለኛል። ዛሬ ማክሰኞ ደግሞ ከታች ያሉት ጎረቤታችን ጣሪያቸው እንደረጠበ ነገሩኝ። ቧንቧ ሠራተኛው ከቅዳሜ በፊት አልችልም ብሏል። ውሃ የሚመጣልን ረቡዕ ሌሊት ብቻ ነው። ጣሪያ ላይ 1,000 ሊትር ሮቶ አለን። የሰባት ወር ልጅ ስላለኝ ውሃ ዘግቼ መቀመጥ አልችልም። ባለቤቴ በሲሚንቶ እንድፈነው ይላል። እስከ ቅዳሜ እንዴት እንቆይ?»

ምላሽ፦

ሲሚንቶውን ይተዉት። ውሃ ከሥሩ እየገፋው ተራ ሲሚንቶ አይዝም። ላዩ የደረቀ ይመስላል፤ ውሃው ግን በጎኑ መንገድ ያበጃል። ከዚያ የሚያንጠባጥበው ቦታ ከዓይንዎ ይሰወራል፤ ለእርስዎ ትልቁ ጉዳት ይኼ ነው። አሁን ቢያንስ እያዩት ነው። ጀሶማ ጭራሽ አይሞከርም፤ እርጥብ ጀሶ የብረት ቧንቧ ይበላል። በዚያ ላይ ቅዳሜ የሚመጣው ሰው መጀመሪያ የሚሠራው ያንን ሲሚንቶ በመሮና በመዶሻ መፈልፈል ነው። የደከመ ቧንቧ አጠገብ መዶሻ ማሳረፍ ደግሞ ማንም የሚመኘው ነገር አይደለም።

ከጻፉት ሁሉ እኔን ያሳሰበኝ የጎረቤትዎ ጣሪያ ነው። ባልዲ ውስጥ የገባ ውሃ ታች ቤት አይወርድም። ጣሪያቸው ከረጠበ፣ ባልዲው ያልያዘው ሌላ ውሃ አለ ማለት ነው። ይኼ በሁለት መንገድ ይሆናል። አንደኛው፣ ቧንቧው የሚያፈሰው ግድግዳው ውስጥ ሆኖ እርስዎ የሚያዩት ተርፎ ወደ ውጭ የወጣውን ብቻ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛው፣ የሚያፈሰው ውጭ ሆኖ ውሃው በቧንቧው ሆድ ላይ ተንሸራቶ ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ውሃ ከወጣበት ቦታ ላይ ሁልጊዜ አይንጠባጠብም፤ ቧንቧውን ይዞ ይሄድና ዝቅ ያለ ቦታ ሲያገኝ ይወድቃል። በሁለቱም መንገድ ባልዲው እውነተኛውን መጠን አያሳይዎትም።

ስለዚህ እስከ ቅዳሜ ዋናው ሥራዎ ቀዳዳውን በአንድ ነገር መድፈን አይደለም። ውሃው እዚያ ቦታ ላይ እንዳይቆም ማድረግ ነው። ልጅ ይዘው ያለ ውሃ ይቀመጡ ማለቴ አይደለም። ሮቶ ስላለዎት መውጫ አለው።

የቆጣሪው መዝጊያ የተበላሸ አይመስለኝም። ይኼን ስህተት በጣም ብዙ ሰው ይሠራዋል፤ ደህናውን ቫልቭ አስቀይሮ ገንዘቡን የጨረሰም አጋጥሞኛል። ቤትዎ ውሃ የሚያገኘው ከሁለት ቦታ ነው። አንዱ በቆጣሪው በኩል የሚመጣው የከተማው መስመር ነው። ሌላው ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ነው። ቆጣሪውን ሲዘጉ የከተማውን ብቻ ዘጉ፤ ማክሰኞ ቀን ደግሞ እሱ መጀመሪያውንም ባዶ ነው። ሲንክ ሥር የሚያንጠባጥበው የሮቶው ውሃ ነው። እሱ የሚዘጋው እዚያው ጣሪያ ላይ፣ ከሮቶው ሥር በሚወጣው ቧንቧ ላይ ባለው መዝጊያ ነው።

ሮቶ ላይ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቧንቧ ያያሉ። ከላይ፣ ክዳኑ አካባቢ የሚገባው መሙያው ነው፤ ውስጡ ተንሳፋፊ ኳስ አለው፤ ሮቶው ሲሞላ ኳሱ ተነሥቶ ይዘጋል። ከታች የሚወጣው ወደ ቤት የሚወርደው ነው። የሚዘጋው የታችኛው ነው። የላይኛውን አይንኩ። እሱና የዘጉት የቆጣሪው መዝጊያ ክፍት ከሆኑ ረቡዕ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ሮቶው ይሞላል፤ የታችኛው ስለተዘጋ ደግሞ ወደ ተጎዳው ቧንቧ አይወርድም። ፈረቃዎ አያመልጥዎትም፤ ጎረቤትዎም አይረጥቡም።

አንድ ማጣራት ያለብዎት ነገር አለ። አንዳንድ ቤት ላይ የከተማው መስመር ሮቶውን ከመሙላቱ በተጨማሪ ቀጥታም ወደ ቤት ይገባል። የእርስዎ እንዲህ ከሆነ፣ የሮቶውን መውጫ ቢዘጉም ረቡዕ ሌሊት ሲንኩ ሥር እንደገና ይፈስሳል። ለማወቅ ቀላል ነው። ውሃ በሚመጣበት ሰዓት የሮቶው መውጫ እንደተዘጋ ሻወር ቤት ያለውን ቧንቧ ይክፈቱ። ውሃ እየገፋ ከመጣ ቀጥታ መስመር አለ ማለት ነው፤ የራሱን መዝጊያ ፈልጎ መዝጋት ያስፈልጋል። ካላገኙት በዚያ ሌሊት አንድ ሰው ነቅቶ ሮቶው እስኪሞላ ባልዲውን ይጠብቅ፤ ሲሞላ ቆጣሪውን ይዝጋ። እንቅልፍ ማጣቱ ይከብዳል፤ ግን አንድ ሌሊት ነው።

መዝጊያውን ሲዘጉ ኃይል አይጠቀሙ። እጀታው ረዘም ያለና ሩብ ዙር ብቻ የሚዞር ከሆነ፣ ከቧንቧው ጋር መስቀል ሲሠራ ተዘግቷል። ክብ እጀታ ያለው ጌት ቫልቭ ከሆነ ግን ለዓመታት ሳይነካ ቆይቶ ሊደርቅ ይችላል። እምቢ ካለዎት በፒንሳ አይታገሉት። ትንሽ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ቀኝ እያሉ ቀስ በቀስ ያላሉት። በእጀታው አንገት ላይ ጠብ ጠብ ካለ፣ እዚያ ያለችውን ትንሽ ብሎን በጣም በጥቂቱ ጠበቅ ማድረግ ይበቃል። ጣሪያ ላይ የሚወጡት ደግሞ በቀን ይሁን፤ ዝናብ ካለ ወይም ቆርቆሮው እርጥብ ከሆነ አይውጡ። የጥበቃ ሠራተኛ ወይም ቦታውን የለመደ ጎረምሳ ካለ እሱ ይውጣልዎት።

ከተዘጋ በኋላ ሲንክ ሥር ያለው ለጥቂት ጊዜ መንጠባጠቡን ይቀጥላል። አይደንግጡ። ቧንቧው ውስጥ የቀረው ውሃ ነው። ዝቅ ያለ ቦታ ያለውን ሌላ ቧንቧ፣ ለምሳሌ የሻወር ቤቱን፣ ከፍተው ያስወጡት። በአንድ ሰዓት ውስጥ መቆም አለበት። ካልቆመ ሦስት ነገር ይጠርጥሩ፦ መዝጊያው በደንብ አልያዘም፤ ሌላ መስመር አለ፤ ወይም የሚያፈሰው ንጹህ ውሃ የሚያመጣው ቧንቧ አይደለም። የመጨረሻውን ለመለየት ውሃው ዝግ እንደሆነ አንድ ጆግ ውሃ ሲንኩ ውስጥ ይድፉ። ያን ጊዜ ብቻ ከሥሩ ካፈሰሰ ችግሩ ያለው የቆሸሸውን በሚያወርደው ሲፎን ላይ ነው። እሱ ግፊት የለበትም፤ በእጅ ፈትቶ ጎሚኒውን (የጎማ ቀለበቱን) አስተካክሎ መመለስ ይቻላል። ከግድግዳው ይወጣል ስላሉ ግን የእርስዎ እሱ አይመስለኝም።

እንግዲህ ኑሮው። ጠዋትና ሳይመሽ፣ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ለ15 ደቂቃ ያህል የሮቶውን መውጫ ይክፈቱ። ጀሪካኖቹንና በርሜሉን ይሙሉ፤ ልብስና የልጁን ዕቃ ያጣጥቡ። በዚያ 15 ደቂቃ ውስጥ አንድ ሰው ሲንኩ ሥር ይቁም። ቀሪውን ሰዓት ዝግ ይሁን። በተለይ ወደ ሥራ ሲወጡና ሲተኙ። ጣሪያ መመላለሱ ከከበደ፣ ለአራት ቀን የሚበቃ ውሃ አንድ ጊዜ ሞልቶ መዝጋት ይሻላል። ግማሽ ክፍት ትቶ «ትንሽ ነው የሚያፈሰው» ማለትን ግን እኔ አልቀበለውም።

ትንሽ የምንለው ምን ያህል እንደሆነ እንየው። በሰከንድ አንድ ጠብታ በቀን ከ20 ሊትር በላይ ይሆናል። አንድ ጀሪካን ነው። እሱ እንኳ ግድግዳ ውስጥ ሲገባ ብዙ ነው። ጠብታው ወደ ቀጭን ክር ከተለወጠ ደግሞ ብርጭቆ ይዘው ይለኩት። 250 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ብርጭቆ በአንድ ደቂቃ ከሞላ፣ በቀን 360 ሊትር ሄደ ማለት ነው። ሙሉ ሮቶዎ ሦስት ቀን አይቆይም። ከቆጣሪ በኋላ የፈሰሰውን የሚከፍሉት ደግሞ እርስዎ ነዎት። አዲስ አበባ ላይ አጠቃቀሙ ከፍ ሲል የአንዱ ሜትር ኩብ ዋጋም አብሮ ከፍ ይላል።

ውሃው ዝግ ሆኖ ሳለ የሚያፈሰውን ቦታ በትክክል ያግኙት። ፌስታሉን ይፍቱ። ቧንቧውን በጨርቅ አድርቁት፤ ከግድግዳው ጀምሮ እስከ ሲንኩ ድረስ። ከዚያ ሶፍት ቀደው በየመጋጠሚያው አንድ ዙር ይጠምጥሙ። ግድግዳው ዳር፣ መዝጊያ ካለ አንገቱ፣ ፍሌክሲብሉ (ውሃውን ወደ ሲንኩ ቧንቧ የሚያደርሰው ተጣጣፊ ቱቦ) ላይና ታች። አንድ ሰው ሮቶውን ይክፈት፤ እርስዎ በስልክዎ መብራት ይዩ። መጀመሪያ የረጠበው ሶፍት ነው ጥፋተኛው። ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል። እኔ ከብዙ ዓመት ሥራ በኋላም ይኼንኑ አደርጋለሁ።

የረጠበው ፍሌክሲብሉ ከሆነ ዕድለኛ ነዎት። ፍሌክሲብል አይጠገንም፤ ይቀየራል። በእጅም ይፈታል። አዲሱን ሲያስገቡ ውስጡ ያለችው ጎሚኒ በቦታዋ መሆኗን ይዩ፤ በእጅ ያጥብቁ፤ ከዚያ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ። ቴፍሎን (ጥርስ ላይ የሚጠመጠመው ነጭ ስስ ቴፕ) እዚህ አያስፈልግም። ውሃውን የምትይዘው ጎሚኒዋ ናት። ብዙ ሰው ቴፍሎን ጠምጥሞ ጠምጥሞ ጎሚኒዋ በደንብ እንዳትቀመጥ ያደርጋታል። ቅዳሜንም መጠበቅ የለብዎትም።

የረጠበው ከግድግዳው ሲወጣ ያለው ጥርስ (ተጠምዝዞ የሚገጥመው ክፍል) ከሆነ፣ የእኔ ምርጫ ታፖ (ጥርስ ያለው መድፈኛ) ነው። መዝጊያውን ወይም ፍሌክሲብሉን ከግድግዳው ፈትተው በቦታው የግማሽ ኢንች ታፖ ያስገባሉ። ሲንኩ እስከ ቅዳሜ ውሃ አያገኝም፤ የቀረው ቤት ግን እንደ ልቡ ይጠቀማል። ታፖው ጥርስ ላይ ቴፍሎን ከ10 እስከ 12 ዙር ይጠምጥሙ፤ ጥርሱን ወደ ራስዎ አዙረው፣ በሰዓት አቅጣጫ። ሲያጠብቁ አልፎ ከሄደብዎ ወደ ኋላ አይመልሱት። ቴፍሎን ወደ ኋላ ከተመለሰ ማፍሰሱ አይቀርም፤ ፈትተው በአዲስ ይጠምጥሙ። ጥርሱ ሲፈታ የሚፈረፈር ዝገት ካዩ ወይም መዝጊያው ከግድግዳው ጋር አብሮ የሚዞር ከመሰለዎት ግን ወዲያው ያቁሙ። የብረት ቧንቧ የሚሳሳው ጥርሱ ላይ ነው። ከውስጥም ከውጭም ይበላል። አንድ ቤት ሄጄ አባወራው ጠብታውን ለማቆም ደጋግመው ሲያጠብቁ ኤልቦው (የታጠፈው መጋጠሚያ) ግድግዳ ውስጥ ለሁለት ተሰንጥቆ አገኘሁት። ጠዋት በአንድ ሳፋ የሚያዝ የነበረው ውሃ ማታ ሁለት ፎቅ ወርዶ ነበር።

ሶፍቶቹ በሙሉ ደርቀው ሳለ በግድግዳውና በቧንቧው መካከል ውሃ ብቅ ካለ፣ የሚያፈሰው ውስጥ ነው። ከውጭ የሚታሰር ነገር ሁሉ ከንቱ ነው። ታፖም አያድነውም። ያ መስመር ለብቻው የሚዘጋበት ቫልቭ ከሌለው፣ ከላይ ያልኩት የሮቶ መዝጋት ብቻ ነው መፍትሔዎ። ከጎረቤትዎ ጣሪያ አንጻር የእኔ ግምት ወደዚህ ያደላል።

ስለ ፌስታሉ ልመለስ። ፌስታል ተስቦ አይመለስም፤ ስለዚህ ቧንቧውን አይጨብጥም። የሚያደርገው ነገር ቢኖር ጠብታውን ደብቆ ውሃውን ወደ ግድግዳው መምራት ነው። ጎረቤትዎ ቤት የወረደው ውሃ ከፊሉ በእሱ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ማሰር ካለብዎት የሚታሰረው የጎማ ከመነዳሪ ነው፤ የብስክሌት ቢሆን የተሻለ። ጎማ ሠሪ ዘንድ አሮጌ አይጠፋም። ሁለት ጣት ስፋት፣ አንድ ክንድ ተኩል ርዝመት አድርገው ይቁረጡት። ውሃው ዝግ፣ ቧንቧው ደረቅ ይሁን። ከሚያፈሰው ቦታ አራት ጣት ያህል ቀደም ብለው ይጀምሩ። እጥፍ እስኪሆን እየሳቡ፣ እያንዳንዱ ዙር የቀደመውን በግማሽ እየሸፈነ ይጠምጥሙ። ላላ ካለ ምንም አይሠራም፤ ሥራውን የሚሠራው መሳቡ ነው። ቀዳዳው ላይ ሲደርሱ አምስት ስድስት ጊዜ ይደራርቡ፤ አልፈው አራት ጣት ይጨምሩ፤ ጫፉን በሽቦ ወይም በፋሸታ ይሰሩ። ግድግዳው ጥግ ላይ ለመጠምጠም ቦታ ከሌለ ግን አይልፉ። እዚያ አይይዝም።

እንዲህ ያለ እስር የሮቶን ግፊት ብዙ ጊዜ ይችላል። ውሃ በ10 ሜትር ከፍታ ልዩነት 1 ባር ያህል ይገፋል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ሮቶዎ አራተኛው ፎቅ ጣሪያ ላይ ከሆነ ከ1 ባር በታች ነው ያለዎት። የከተማው መስመር ግን ሌሊት፣ ሰው ሁሉ ተኝቶ ተጠቃሚ ሲያንስ፣ ከዚህ በላይ ሊገፋ ይችላል። ቀን ሙሉ ደርቆ የዋለ እስር ሌሊት የሚለቀው ለዚህ ነው። የሞቀ ውሃ መስመር ላይ ከሆነ ደግሞ ከመነዳሪው ይለሰልሳል፤ ለአንድ ቀንም አልተማመንበትም።

ማጣበቂያ የሚሉም አሉ። ቧንቧው ብረት ከሆነ፣ በደንብ ከተፋቀና ከደረቀ፣ ሁለቱ ተቀላቅለው የሚሠራው ኤፖክሲ ለጊዜው ሊይዝ ይችላል፤ እሽጉ ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ውሃ ሳይለቁ ከጠበቁት ነው። ቧንቧው አረንጓዴ ወይም ነጭ ፒፒአር ከሆነ ግን ገንዘብዎን ያስቀምጡ። በዚያ ፕላስቲክ ላይ ማጣበቂያ አይዝም። የተላጠ ቆዳ ይመስል ይነሣል። ፒፒአር የሚጋጠመው በማሽን ቀልጦ ነው። ሲቀልጥም ደረቅ መሆን አለበት፤ አንድ ጠብታ ውሃ ካለበት ብየዳው ከንቱ ነው። ቅዳሜም ሠራተኛው ሲመጣ ውሃው አስቀድሞ ተዘግቶ፣ ቧንቧው ተንጠባጥቦ አልቆ ይጠብቀው።

ጠብታው እስካለ ድረስ ለባልዲው አንድ ዘዴ ልንገርዎት። ወፍራም የጥጥ ክር ወይም የጫማ ማሰሪያ ይውሰዱ። አንዱን ጫፍ ከግድግዳው ሁለት ጣት ያህል ርቆ ቧንቧው ላይ ያዙሩት፤ ሌላውን ባልዲው ውስጥ ያውርዱት። ክሩን አርጥቡት። በቧንቧው ሆድ ላይ የሚሄደው ውሃ ክሩን አግኝቶ በእሱ ይወርዳል። አይረጭም፤ ሌሊት ጠብ ጠብ እያለ አይቀሰቅስም። ካቢኔው ውስጥ ያለውን ዕቃ ሁሉ ያውጡ፤ በሩን ክፍት ይተዉት፤ አየር ያግኝ። ያን ውሃ ለሽንት ቤትና ለወለል ይጠቀሙበት እንጂ ለልጁ አያድርጉት።

አሁን ጎረቤትዎ። ዛሬውኑ ይውረዱ፤ ስልክ አይበቃም። ጣሪያቸውን በዓይንዎ ይዩ። እርጥቡ ቦታ ከመብራት ወይም ከመብራት መስመር አጠገብ ከሆነ የዚያን ክፍል ብሬከር ይዝጉ፤ ጣሪያው እስኪደርቅም አይክፈቱት። 220 ቮልትና እርጥብ ሶሌታ (የፎቁ ኮንክሪት) አብረው አይሄዱም። እርስዎም ዘንድ ሲንኩ አጠገብ ሶኬት ካለ እንዲሁ ያድርጉ፤ እርጥብ ወለል ላይ ቆመው ፍሪጅ አይንኩ። የእርጥቡን ዳር በእርሳስ ያስምሩ። ሮቶውን ከዘጉ በኋላ እርጥቡ ከመስመሩ ካለፈ፣ ውሃው አልቆመም ማለት ነው። እርግጥ ኮንክሪቱ የጠጣውን እስኪጨርስ አንድ ሁለት ቀን ሊቀጥል ይችላል፤ ግን እየቀነሰ መሄድ አለበት። ጣሪያቸው በጣውላ ኮርኒስ የተለበጠ ከሆነና ወደ ታች ካበጠ፣ ሥሩ ሳፋ አድርገው፣ ራቅ ብለው ቆመው በካቻቢቴ አንድ ቀዳዳ ይብሱት። ሳይታሰብ ከነውሃው ከሚወድቅ በአንድ ቀዳዳ ቢወርድ ይሻላል። ዛሬ ወርደው ያገዟቸው ጎረቤት የቀለሙ ወጪ ሲነሣም አብረው ይመክራሉ።

ቦይለር ካለዎት ውሃው ዝግ በሆነበት ሰዓት ሁሉ ማብሪያውን ያጥፉት። ባዶ ሆኖ ከጋለ ይቃጠላል።

ስለ ልጁ ውሃ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። የሚያፈስ ቧንቧ ወደ ውጭ ብቻ አይሠራም። ቧንቧው ባዶ ሲሆን በዚያው ቀዳዳ አየርና ግድግዳው ውስጥ ያለውን ቆሻሻ ውሃ ወደ ውስጥ ሊስብ ይችላል። ስለዚህ በከፈቱ ቁጥር የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ሊትሮች ለሽንት ቤት ያውሉት፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ይቅዱ። የልጁን አፍልተው፣ ክዳን ባለው ንጹህ ዕቃ ያስቀምጡ።

ለምን እዚህ ቦታ ላይ አፈሰሰ? ግድግዳው ሳይፈለፈል በእርግጠኝነት መናገር አይቻልም። በፈረቃ ውሃ የሚያገኝ ቤት ላይ ግን አንድ ነገር ደጋግሜ አያለሁ። ቧንቧው ለቀናት ባዶ ይሆንና ውሃው ሲመጣ አየሩን እየገፋ ይመጣል። ቧንቧው ሲነፍስ፣ ሲያንኳኳ የምንሰማው ያ ነው። በየሳምንቱ ያ ምት ደካማውን መጋጠሚያ ይመታዋል፤ በደንብ ያልተበየደ ፒፒአር ወይም የዛገ ጥርስ አንድ ቀን ይለቃል። ስለዚህ መዝጊያ በከፈቱ ቁጥር በአንዴ አይክፈቱት። ሩብ ያህል ከፍተው፣ ቤት ውስጥ አንድ ቧንቧ ለቀው፣ አየሩ ወጥቶ ውሃው ረጋ ሲል ይጨምሩ። ይኼ ከቅዳሜ በኋላም ይቀጥል። ውሃ በሌለ ሰዓት የከፈቱትን ቧንቧ ደግሞ መልሰው ይዝጉ፤ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሃ መጥቶ ቤቱ የተጥለቀለቀበት ብዙ ነው።

ቅዳሜን የማይጠብቅ ሁኔታም አለ። ሮቶውም ቆጣሪውም ተዘግቶ ውሃው ካልቆመ፣ የሚያፈሰው የእርስዎ ሳይሆን ለሕንፃው ሁሉ የጋራ የሆነው ቋሚ መስመር ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ ጉዳዩ የኮንዶሚኒየሙ ኮሚቴ ነው፤ ዛሬውኑ ይጥሩ። የሚወጣው ውሃ ከሸተተ ወይም ከደፈረሰ የፍሳሽ መስመር ሊሆን ይችላል፤ በባልዲ አይያዝም። የጎረቤትዎ መብራት ብልጭ ድርግም ካለ ወይም ግድግዳ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ዋናውን ብሬከር ዘግተው ሌላ ሠራተኛ ይፈልጉ፤ ዋጋው ቢወደድም። ከቆጣሪው በፊት የፈሰሰ ነገር ካዩ ደግሞ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ሥራ ነው፤ እርስዎ አይንኩት።

ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ምክሬ ይኼ ነው፦ የሮቶውን መውጫ ዛሬ ሳይመሽ ይዝጉ፤ ፌስታሉን ይፍቱት፤ በቀን ሁለቴ ብቻ ከፍተው ይቅዱ። ቦታው ፍሌክሲብሉ ወይም የውጭ ጥርሱ ከሆነ ነገ ይቀይሩት ወይም ታፖ ያስገቡለት። ውስጥ ከሆነ ምንም አይሞክሩ፤ ዘግተው ይጠብቁ።

ሠራተኛው ቅዳሜ ሲመጣ «ላዩን አስተካክልልኝ» አይበሉት። ሴራሚኩ ተነሥቶ ኤልቦው ይታይ፤ ብረት ከሆነና ከዛገ አንዱን መጋጠሚያ ብቻ ሳይሆን እስከ ደህናው ቧንቧ ድረስ ይቆረጥ። ወደ ሲንኩ የሚሄደውን መስመር ለብቻው የሚዘጋ መዝጊያ፣ ከሚያፈሰው ቦታ በፊት እንዲያስገባልዎት ይንገሩት፤ እሱ ቢኖር ይኼን ሁሉ ባልደከሙ ነበር። ሲጨርስ የሮቶውን ውሃ ከፍታችሁ ሶፍት ጠምጥማችሁ አብራችሁ እዩት። ግን የሮቶው ግፊት ደካማ ነው፤ አዲሱን ሥራ በደንብ አይፈትነውም። ቀጥታ መስመር ካለዎት እውነተኛው ፈተና የከተማው ውሃ ሲመጣ ነው። ስለዚህ ግድግዳውን ክፍት ይተዉት፤ ሴራሚኩን የሚቀጥለው ረቡዕ ሌሊት አልፎ፣ ሐሙስ ጠዋት ሶፍቱ ደረቅ መሆኑን ካዩ በኋላ ያስለጥፉ።